አሉ፦ የፋኖስ ቤት ጠሪው ካህን አጭር የሕይወት ታሪክ

የፋኖስ ቤት ጠሪ ካህን የነበሩት ወንድማችን፣ ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋና ከአባታቸው ከአየር ማጣሪያው ሞተረኛ፣ ፀሐይ በጠፋች በአርባ አንደኛው ዓመት፣ በከተማችን ታችኛው ወለል፣ ከእንፋሎት ቧንቧው አጠገብ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ቤቷ ሞቃት ስለነበረች ጎረቤቱ ሁሉ ልብሱን የሚያሰጣው እኛ ዘንድ ነበር፤ ወንድማችንም ዓይናቸውን የገለጡት በሰው እርጥብ ሸሚዝ ሥር ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሳሉ ማጣሪያው ፈንድቶ የአባታችን ሕይወት አለፈ። ያን ጊዜ እኔ፣ ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው፣ ገና በእናቴ ሆድ ነበርኩ።

በከተማችን ሕግ የሞተ ሰው ሁሉ፣ የሦስት ቀን ሕፃንም ቢሆን፣ አንቱ ይባላል። ስለዚህ እስካለፈው ሳምንት ድረስ “ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ጉረስ” እያልኩ ስለምናቸው የነበሩትን ሰው ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ። ይህ ክብር አይገባቸውም የምትሉ ለቀስተኞች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሙት ወቃሽ መሆን አልፈልግም፤ እውነቱን መሸፈን ግን አልችልም።

ወንድማችን ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ትምህርት ቤት ገቡ። ብሩህ ልጅ ነበሩ፤ ሆኖም አንደበታቸው ጠብቆ የሚነበበውን ላልቶ ከሚነበበው አይለይም ነበር። መምህሩ የእናታቸውን ሥራ ሲጠይቋቸው፣ “ፊ”ን አጥብቀው “እናቴ ሰፊ ናት” ብለው መለሱ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እናታችን እንደ መርፌያቸው ቀጭን ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናታችን የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ፣ ለዓመታት ቃላቱን ሁለት ሁለት ጊዜ ያስደግሟቸው ነበር። ከሁሉ ያስቸገረቻቸው “አሉ” የምትለዋ ቃል ናት። ላልታ ስትነበብ “ተናገሩ” ማለት ነው፤ ጠብቃ ስትነበብ ግን ሰዎቹ መኖራቸውን ትመሰክራለች። እኔም እግራቸው ሥር ቁራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ አብሬ ተማርኩ፤ ኋላ የንባብ መምህርት የሆንኩትም ከዚያ የተነሣ ነው።

በስልሳ ሦስተኛው ዓመት፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው፣ ክህነት ተቀብለው በፋኖስ ቤት ተመደቡ። እናታችን ጥቁር ካባ ሰፉላቸው፤ ትልቁ የስም መዝገብ እንዲገባበትም ከውስጥ በኩል ኪስ አበጁለት። “ሰፊዋ ሰፊ ኪስ ሰፋች” እያሉ ራሳቸው በራሳቸው ይስቁ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ እናታችን ሲያርፉ፣ ፋኖሳቸውን ያበራነው ወንድማችንና እኔ ነን።

ከሌላ ከተማ ለመጣችሁ፣ የእኛ ሥርዓት እንዲህ ነው። ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ብርሃኗ በመስታወት ፋኖስ ይቀመጣል። ፋኖሱ የሚበራው የሥጋ ዘመድ ቆሞ ሦስት ጊዜ “አሉ” ሲል ነው፤ ዘመድ ዝም ካለ ነፍሷ ከግንቡ ውጭ ወዳለው ጨለማ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ጠሪው ካህን በመደርደሪያዎቹ መካከል እየሄደ ስም ይጠራል፤ ፋኖሱ መብራቱን አይቶ፣ አጥብቆ፣ “አሉ” ይላል። ቤተሰብ ይህን ሰምቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ጠሪ በጥሪው ላይ ከዋሸ ምላሱ ይጠቁራል ይባላል።

በሰባ አራተኛው ዓመት፣ በላይኛው ፎቅ የሚኖሩት የማይሞቱት ሹማምንት ወንድማችንን በአሳንሰር አስጠሯቸው። እነዚያ ሰዎች የማይሞቱት የሌላውን ነፍስ ብርሃን እየጠጡ መሆኑን ያን ጊዜ አናውቅም ነበር። ሊቀ ካህንነትና እንደ እነርሱ አለመሞትን ተስፋ ሰጧቸው፤ ለመጀመሪያ የጠየቋቸውም ጠያቂ የማይመጣበትን አንድ ፋኖስ ነበር። ወንድማችን ግን እኔ የምጠይቀውን የእናታችንን ፋኖስ፣ እናታችን በሰፉት ኪስ ከተው፣ ይዘው ወጡ። ባዶውን መስታወት በሰዓት መርፌ ላይ በሚቀባው የሚያበራ ቀለም ቀብተው ወደ ቦታው መለሱት። እኔ በየሰባት ቀኑ ከዚያ ቀለም ፊት ቆሜ ስለ ልጆቼ ጥርስ፣ ስለ ጣሪያዬ ማፍሰስ ሳወራ ኖሬያለሁ።

ከዚያም ዘጠኝ ዓመት ቀጠሉ። የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ብርሃን፣ ሁሉም የታችኛው ወለል ሰዎች፣ በዚያ ኪስ ወጣ። በየማለዳውም ያው ጥሪ ይሰማ ነበር።

አንድ ነገር ሳልናዘዝ ማለፍ አይሆንልኝም። በሦስተኛው ዓመት ጥሪያቸው መላላቱን ሰምቻለሁ። ልጅ በየዓመቱ ጠብቆና ላልቶ የማስተምር ሴት እንዴት አልሰማ! በምሳ ሰዓት፣ “ጋሼ፣ ምላስህ እንደ ልጅነትህ ላላ እንዴ?” ብዬ ቀለድኩባቸው። ማንኪያቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ ከዚያ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። የልጅነት አመላቸው የተመለሰ መሰለኝ፤ ለሥራ ባልደረቦቼም እንደ ጨዋታ አወራሁት። ያን ቀን ማንኪያው ለምን ወደቀ ብዬ ጠይቄ ቢሆን ከሁለት መቶ በላይ ነፍሳት ይተርፉ ነበር። ይቆጨኛል፤ እስክሞት ይቆጨኛል።

ነገሩ የተገለጠው በሰማንያ ሦስተኛው ዓመት በፋኖስ አጣቢዋ ነው። የሟች ባለቤቷን ፋኖስ ስታጥብ ከእጇ አመለጠና ተሰበረ። እውነተኛ ብርሃን መስታወቱ ሲሰበር ወደ ላይ ይነሣል፤ ይህ ግን ስብርባሪው ላይ ተለጥፎ እወለሉ ላይ ማብራቱን ቀጠለ። እሷ ማንንም አልጠራችም፤ ስብርባሪውን በሽርጧ ሰብስባ በማግስቱ ጥሪ ላይ ቆመች። ወንድማችን የባለቤቷን ስም ጠርተው “አሉ” ሲሉ ሽርጧን ዘረጋችና፣ “የት?” አለቻቸው።

ሸንጎው በትልቁ የሽመና አዳራሽ ተሰየመ። ወንድማችን ሲጠየቁ አንድም ቀን አልዋሸሁም አሉ። “እኔ ያልኩት አላልቼ ነው። ‘አሉ’ ማለት ‘ተባለ’ ማለት ነው። ሰው አጥብቆ ከሰማ ጥፋቱ የጆሮው ነው” አሉ። ፋኖስ አጣቢዋ ከኋላ ተነሥታ፣ “አባ፣ ባለቤቴ ላልተው አልሞቱም” አለችና ተቀመጠች። ከእናታቸው ለምን እንደ ጀመሩም ተጠይቀው፣ “ከእርሳቸው ብጀምር መቀጠል ያቅተኛል ብዬ ነበር፤ አላቃተኝም” ሲሉ መለሱ። ያን ጊዜ ነው ፊታቸው ሲለወጥ ያየሁት።

ብርሃኑ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣ እንደነበር ሲናዘዙ፣ ሠራተኞች የአሳንሰሩን ገመድ ቆረጡት፤ የላይኛው ፎቅ መስኮቶችም በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ በአንድ ጨለሙ። ወንድማችን ከቤት እንዳይወጡ ተፈርዶባቸው በእኔ ጓዳ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ሊቀ ካህንነቱም አልመጣ፣ ትዳርም ልጅም አላገኙ። ባለፈው ዓመት ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሙ ዕጢ ነው አለ፤ ጎረቤቱ ግን ምላሳቸውን ለማየት ፈለገ፣ እኔም አላሳየሁም።

ከታመሙ ጀምሮ በየማለዳው አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ሦስት መቶ አሥራ አንዱን ስም በቃላቸው ይጠሩ ነበር። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ “የሉም” ይላሉ። ይህች ቃል ላልታ ማምለጫ የላትም። ግድግዳ የምትጋራን ፋኖስ አጣቢዋ ትሰማ እንደነበር ነግራኛለች። የእናታችንን ስም ግን ዘለሉት፤ በየቀኑ ጠብቄ ነበር፣ በየቀኑ ዘለሉት። በዘጠና አራተኛው ዓመት፣ በሦስተኛው ወር በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማለዳ፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ በማይበልጥበት ሰዓት፣ “ልብስ ሰፊዋ፣ እናቴ” ብለው ጠሩ። ከዚያም “የሉም” አሉ። በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ወንድማችን አንዲት እህት፣ ሁለት የእህት ልጆችና መደርደሪያቸው ባዶ የቀረባቸውን የታችኛው ወለል ቤተሰቦች ትተው አልፈዋል።

ፋኖሳቸው ይብራ አይብራ የሚለውን ሸንጎው ለእኔ ትቶታል፤ ከእኔ የሚቀርብ የሥጋ ዘመድ የላቸውም። ሦስት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ዛሬ ጠዋት ፋኖስ አጣቢዋ ንጹሕ ፋኖስ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። “ይቅር አላልኩም። ግን በዚህች ከተማ ሌላ ሰው ጨለማ ሲበላው ማየት ሰልችቶኛል” ብላኝ ሄደች።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ይገባቸዋል ብዬ አይደለም። ፋኖሳቸው ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ባዶ ቦታዎች ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ የሚያዩት ሌላ ነገር አይኖራቸውም። የማተሚያ ቤቱን ሰዎች የማጥበቂያ ምልክት አድርጉልኝ ብላቸው ፊደላችን የለውም አሉኝ። ስለዚህ ይህን በለቅሶው ላይ የሚያነበው ሰው የመጨረሻዋን ቃል ለእኔ ይተውልኝ፤ ስድስት ዓመት ላልታ ሰምቼ ዝም ያልኩባትን ቃል ዛሬ በራሴ አፍ አጠብቃታለሁ።

የጠፉትን ነፍሳት ጨለማው ይመልስልን። የእርሳቸውንም ነፍስ ይማር።

ጋሼ።

አሉ። አሉ። አሉ።