«ፌስቲቫሉ ሳያልቅ እንዳትነግሯት»

አባብዬ፣

ከሞትክ ሰባት ወር ሊሞላህ ነው። እንደምን ከረምክ ብዬ አልጀምርም፤ ተናድጄብሃለሁ። በሕይወት ብትኖር አኮርፍህ ነበር፣ አንተም ሁለት ቀን ሳይሞላ ደውለህ ታስቀኝ ነበር። አሁን ማንን ላኩርፍ? ስለዚህ እጽፍልሃለሁ።

ሳን ሆዜ ያለውን ክፍልህን ወንድሜ ኤርሚያስ ለተከራይ ሰጥቶታል። አልጋህን ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሰጠ፣ ካፖርትህን ለእኔ አመጣልኝ። ልጁ ቤቲ አሁንም «ግራንፓ» እያለች በሩን ታንኳኳለች፤ ተከራዩ ምስኪን ወጥቶ ሰላም ይላታል። ወንድሜን ካየሁት ቆይቻለሁ። ስልኩን አነሳለታለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ?

ያን የቲያትር ፌስቲቫል ሰሞን ኦክላንድ እንዴት እንደነበረች ታስታውሳለህ፤ በስልክ ሁሉንም ነግሬህ ነበር። ከፊንላንድ፣ ከአይስላንድ፣ ከስዊድን፣ ከኢስቶኒያ፣ ከላትቪያና ከሊትዌኒያ የመጡ ተዋንያን ቲያትር ቤቱን ሞልተውታል። እኔ የልብስ ክፍል ኃላፊ ሆኜ የመጀመሪያዬ ነው፣ ከካውያና ከመርፌ ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም። አንተ ሆስፒታል ገብተሃል፤ «ትንሽ ድካም ነው» ብለውኛል። ኮል ባደረግኩልህ ቁጥር የምትጠይቀኝ ስለ እነሱ ነበር። አይስላንዶቹ በራሳቸው ቋንቋ ከተጫወቱ ሰዉ በምን ይገባዋል? አልክ። ትርጉሙን በጆሮ ማዳመጫ ይሰማሉ ስልህ ሳቅክ፣ ሳቅህ ወደ ሳል ሄደ። ያኔ መጠርጠር ነበረብሽ የሚሉኝ አሉ። ወግዱልኝ! ጥፋቱን ወደ እኔ አላዞርም።

የላትቪያዎቹ ተውኔት የሚጀምረው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይሞታል፣ ሴቶች ልጆቹ ሬሳ ሳጥኑን ከበው ያለቅሳሉ። ሻርፖቻቸው በመንገድ ውሃ ነክቷቸው ቀለማቸው ተበላሽቶ ስለመጣ እኔ እንደገና ጥቁር ነከርኳቸው፤ ጥፍሬ ሳይቀር ጠቆረ። ለእያንዳንዷ ሴት እኛ ሀዘን ላይ እንደምናስረው አድርጌ አሰርኩላት። ዳይሬክተሯ አይታ አቀፈችኝ። ከዚያ ከመድረክ ጀርባ ቆሜ አንዲት ቃል እንኳ ለማይገባኝ ቋንቋ፣ ለባዶ የእንጨት ሳጥን አነባሁ። አንተን በዚያው ሰዓት ሳን ሆዜ አፈር እያለበሱህ ነበር። እኔ የለበስኩት ቀይ ሹራብ ነበር፣ አባብዬ! ቀይ!

እሑድ ፌስቲቫሉ ተዘጋ። አንዲት ፊንላንዳዊት ተዋናይ ጨው ያለበት ጥቁር ከረሜላ ሰጠችኝ፤ ስትቀምሰው ፊትህ እንዴት እንደሚጨማደድ እያሰብኩ ላንተ አስቀመጥኩት። ሰኞ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙትን ሽማግሌዎች ሳይ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። መቼ? አልኳቸው። ማክሰኞ ነው የሞትከው። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ኤርሚያስ «ተኝቷል» ሲለኝ አምኜው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አበሻ የተባለ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። የሱቋ አልማዝ ሐሙስ ዕለት አቅፋ አለቅም ስትለኝ «ምን ነካት ዛሬ?» ብዬ ስቄባታለሁ። የአምስት ዓመቷ ቤቲ እንኳ ሳጥንህ ላይ አበባ ጥላለች።

ለቅሶው ቤት ስደርስ ሰው አልቅሶ ጨርሷል። ስለ ፍሪዌይ መጨናነቅ ያወራል። እኔ ገና መጮህ ስጀምር «በቃ በቃ፣ ፈጣሪን ማስቀየም ነው» ብለው እጄን ያዙኝ። በቃ? ለእኔ መቼ ተጀመረና!

ኤርሚያስን ደረቱን እየደበደብኩ ሰደብኩት፤ ቻለኝ። ሲደክመኝ ነው እውነቱን የነገረኝ። አንተ ነህ ለካ ያዘዝከው። ፌስቲቫሉ ሳያልቅ እንዳትነግሯት፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብለህ አስምለኸው ኖሯል።

ከየት እንዳመጣኸው አውቃለሁ። አዲስ አበባ ተዋናይ ሳለህ ባልደረቦችህ የአባትህን ሞት ደብቀውህ ሰው ስታስቅ አምሽተህ፣ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ነው መርዶህን የነገሩህ። ይህንን ለእንግዳ ሁሉ በኩራት ታወራ ነበር፤ እኔም ልጅ ሆኜ ጀግና አባት አለኝ እል ነበር። ግን አውርተህ ስትጨርስ ብድግ ብለህ በረንዳ ላይ ብቻህን ትቆማለህ። እኔ አይቻለሁ። ሲያንገበግብህ የኖረውን ነገር ለገዛ ልጅህ ታወርሳለህ? ማን ለምኖህ? ላትቪያዎቹ እኔ ብቀር ሌላ ሰው ሻርፕ ያስርላቸው ነበር። አንተን የምሸኝበት ሌላ ቀን ግን የለኝም።

ደሴ ላሉት እናትህ ለእማሆይም እስከ ትናንት ሞትህ አልተነገራቸውም ነበር። አርጅተዋል፣ አይችሉትም ተባለ። በደወሉ ቁጥር ኤርሚያስ «ሥራ ሄዷል» ይላቸዋል። ባለፈው እኔም እንደዚያው እንድላቸው አዘዘኝ። አይደረግም! ትናንት ጠዋት እኔው ደወልኩ። አክስቴ አጠገባቸው መቀመጧን አረጋገጥኩና ነገርኳቸው። ጮኹ፣ እኔም ጮህኩ። ከዚህ ሁሉ ወር በኋላ በቃ የማይለኝ፣ አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው አገኘሁ።

ሲረጋጉ ጠየቁኝ። ልጄን ምን አልብሳችሁ ቀበራችሁት? ፊቱስ እንዴት ነበር? አሉኝ። አላውቅም እማሆይ፣ እኔም አልነበርኩም፣ ደብቀውኛል አልኳቸው።

  ከዚያ ያንተን ስም ተዉና የእኔን ስም እየጠሩ ማልቀስ ጀመሩ።

አባብዬ፣ ገና ይቅር አላልኩህም። ይቅር እስክልህም፣ ካልኩህም በኋላ አልረሳህም።

ልጅህ አስቴር