ቀይ ምልክቱ ላይ የተሰቀለው ጋቢ

ለወንድሜ ለቤዛብሕ፦ የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ፣ ቁስቋም ማርያም ትመስገን፣ ደህና ነኝ።

መውጫ ያልነበረው የሽሮ ሜዳ ቅያሳችን ሊከፈት ነው፤ ከላይ የሚወርደው አዲሱ መንገድ በሱቃችን በኩል ከአስፋልቱ ይገናኛል። እሰየው፤ ገበያተኛ ዙሪያ ጥምጥም መሄዱ ይቀርለታል።

የመንገድ ሠራተኞች የሱቃችን ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ። ጎረቤቶቻችን እነ ይርጋለም ግድግዳቸው በተቀባ በወሩ ዕቃቸውን ጭነው ሄደዋል። እኔ ግን ምልክቱ ላይ ጋቢ ሰቀልኩበት።

አንዱ ሠራተኛ «እትዬ፣ ጋቢውን ያንሱት፤ ምልክቱ ይታይ» አለኝ።

«የሚሸጥ ነው፤ ግዛና አንሳው» አልኩት።

ስቆ ለእናቱ ገዛ። ገና ሳይርቅ ሌላ ሰቀልኩ።

ለፋሲካ ና። መንደሩ ቢምታታብህ፣ ጋቢ የተሰቀለበት ግድግዳ የእኛ ነው።

በደህና ያገናኘን፤
እህትህ ታየች