በቃሏ የምታነብ ልጅ

ጥቅምት 12
ዛሬም ያው ነው። ጠመኔ አለቀብኝ። ልጠይቅ ቢሮ ብሄድ ጸሐፊዋ "ባለፈው ሳምንት ወስደሽ የለ?" አለችኝ፣ የምበላው ይመስል። ከግድግዳው ማዶ ያለችው መምህርት ክፍሏን ታስጮኻለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ትላለች፣ ልጆቹ ተቀብለው ይደጋግሙታል። ደወል ነው የምንላት። ደወል ጠመኔ አያልቅባትም።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ እኔ ክፍል ገብታለች። ራዲዮ እንላታለን፤ ከፍተዋት ቢሄዱ ሲመለሱም እያወራች ነው የሚያገኟት። የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ገና ሳትገልጠው ትወርደዋለች። እናቷ፣ እትዬ፣ "በአክስቷ ወጥታ ነው" ትላለች። ደስ አይለኝም ብል ውሸት ነው።

ጥቅምት 19
ጉዴ ፈላ። ራዲዮ ቆማ ስታነብ አጠገቧ ደረስኩ። አፏ የውሻውን ታሪክ ይላል፣ የገለጠችው ገጽ ስለ ገበያ ነው። ልጆቹ ፊት አላጋለጥኳትም። ሲወጡ ለብቻዋ አስቀረኋትና የውሻውን ገጽ ገልጬ ሥዕሉን በእጄ ሸፈንኩት።

"ከዚህ አንብቢልኝ።"
እጄን አየችው።
"እሺ ይቺን ቃል ብቻ።"
"እጅሽን አንሺና እነግርሻለሁ።"

አንድ ቃል እንኳ አታነብም። እስከ ዛሬ ሁሉንም በጆሮዋ ነው የያዘችው… ማንም ሳያይ! አምና ያስተማረቻት አላየች፣ እናቷ አላየች፣ እኔም አላየሁ።

ጥቅምት 21
ለእትዬ ደውዬ ነገርኳት። ሳቀች።
"አንቺ ደግሞ! መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር የምታውቅ ልጅ አታነብም?"
ታውቀዋለች እንጂ አታነበውም፣ አልኳት።
"እሺ ቲቸር" ብላ ዘጋችው።
ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለማን ነበር?

ኅዳር 2
በየቀኑ ከትምህርት በኋላ አስቀራታለሁ። መጀመሪያ የፊደሎቹን ድምፅ ያዝን። አሁን ቃል መፍታት ጀመርን። ወረቀት ቆራረጥኩ፤ የቃሉ ግንድ አንዱ ላይ፣ ከፊት የሚቀጠለው ሌላው ላይ፣ ከኋላ የሚቀጠለው ሌላው ላይ። መሃል "ፕሌይ"ን አስቀመጥን። ከኋላው "ኧር" ስታስጠጋ ተጫዋች ሆነ። ከፊቱ "ሪ" ስታመጣ እንደገና መጫወት።
"ዘመዳሞች ናቸው?"
"አዎ።"
"እናታቸው ፕሌይ ናት?"
"እናታቸው እሷ ናት።"
ቀስ ትላለች። ላብ ያጠምቃታል። ግን አሁን ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው።

ኅዳር 16
"ሳይን" ጻፊ አልኳት፣ ምልክት። ጂ የምትለዋን ፊደል ዘለለቻት። ሁሉም ይዘላታል።
"አትሰማም እኮ!"
አጠገቡ "ሲግናል" ጻፍኩላት። እዚያ ትሰማለች። ራዲዮ አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያንን እያየች ቆየችና…
"ታዲያ እዚህ ጋ አፍራ ነው?"
ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲያ አልረሳቻትም። መምህር የሆንኩት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ኅዳር 27
ዳይሬክተሩ ጠራኝ። የወላጆች ቀን ደርሷል።
"ያንቺ ክፍል ለምንድነው ድምፁ የማይሰማው?"
እያነበቡ ነው፣ አልኩት።
"የጎረቤትሽ ክፍል መንገድ ድረስ ይሰማል። ወላጅ የሚሰማውን ነው የሚያምነው።"
ላስረዳው ሞከርኩ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ታኅሣሥ 5
የወላጆች ቀን። እትዬ የመሥሪያ ቤት አለቃዋን ይዛ መጣች። ፀጉሯን ተሠርታለች። የደወል ልጆች አንድ ሙሉ ገጽ በአንድ ትንፋሽ ወረዱት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቀጥሎ ራዲዮ… አይታው የማታውቀው ገጽ ሰጠኋት። "አዲስ ስጪኝ" ያለችኝ ራሷ ነች።

አነበበች። በጣቷ እየተከተለች፣ ቃል በቃል። አንድ ረጅም ቃል ላይ ቆመች። ጫፉን በጣቷ ሸፈነች፣ ግንዱን አነበበች፣ ጣቷን አንስታ ጫፉን ጨመረችበት። ልክ! ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ከኋላ አንዱ አባት "ይቺ ደግሞ ምን ነካት?" አለ። ተሳቀ። የእትዬ አለቃ ሰዓቷን አየች። ራዲዮ ቀና ብላ እናቷን ፈለገች። እናቷ መሬት መሬቱን ታያለች።

ያጨበጨቡላት ለይሉኝታ ነበር።

ታኅሣሥ 6
እትዬ ቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።
"ልጄን ተብታባ አደረግሽብኝ።"
"እትዬ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበችው ትናንት ነው።"
"አምና እንደ ውሃ አልነበር እንዴ የምትወርደው?"
"በቃሏ ነበራ!"
"በቀቀን ናት በያ! ወልደሽ ብታይው ኖሮ…"
ይቺን ሆን ብላ ነው ያመጣቻት። ስንት ዓመት ሐኪም ቤት ስመላለስ አብራኝ የሄደችው እሷ አይደለችም? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሷም ደነገጠች መሰለኝ፣ ግን አልመለሰችውም። ገባሁ፣ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደሜ ፈላ፣ ከዚያ ሽንኩርት ከተፍኩ። ምን ላድርግ?

ታኅሣሥ 9
ራዲዮ ወደ ደወል ክፍል ተዛወረች።

ታኅሣሥ 20
ከግድግዳው ማዶ የሷን ድምፅ ለየሁት። ከሁሉም ይጎላል።

ጥር 14
እትዬ ምሳ ጠራችኝ። ታርቀናል፤ ማለትም ስለ ትምህርት አናነሳም። እሷ ወጥ ቤት ስትገባ ራዲዮ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አላስቻለኝም፣ ወረቀቶቹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሶፋው ላይ ደረደርኳቸው። አየቻቸው። እጇን ስትዘረጋ ልትጀምር መሰለኝ… አንድ በአንድ ሰበሰበቻቸውና መልሳ ሰጠችኝ።

"አክስቴ፣ ይቅርብኝ።"
"ለምን የኔ ቆንጆ? ጎበዝ ነበርሽ እኮ።"
"ጎበዝ የምሆነው እዛኛው ክፍል ነው። አንቺ ጋ ስሆን ደደብ እሆናለሁ።"

አላኮረፈችም፣ አልተቆጣችም። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚባለው ነው ያለችኝ። ወረቀቶቹን ወደ ቦርሳዬ መለስኳቸው።

እትዬ ከወጥ ቤት "ምን እያወራችሁ ነው?" አለች።

"ምንም!" አለቻት ራዲዮ፣ ቀድማኝ።