በራሱ የሚወርደው የመስኮት ብረት

ብዕሩን የያዘችው ጎረቤታችን ኦሊንዳ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? የፈረንሳይ ብርድ እንዴት አደረገህ? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የገዛ ለቅሶዬንም ሰምቼ ተነሥቻለሁ።

አንተ በሠራኸው ቤት ባልተኛ ኖሮ ይህ አይደርስብኝም ነበር። የድንጋዩን ቤቴን ቆልፈህ ቁልፉን ይዘህ ስትሄድ፣ «አባዬ፣ ምንም አትንካ፤ የመስኮቱ ብረት ሲመሽ በራሱ ይወርዳል፣ ሲነጋ በራሱ ይነሣል፤ በሩም እንደዚያው» አልከኝ። በእኛ ዘመን በራሱ የሚመጣው አረምና ሽበት ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ሠሪ ነበረው። አሁን «ማን ዘጋብኝ?» ስል «ማንም፤ በራሱ ነው» ትሉኛላችሁ። ከ«ማንም» ጋር ሰው እንዴት ይጣላል?

ማክሰኞ ብረቱ በጠራራ ፀሐይ ወረደ። መሸ ብዬ ተኛሁ። እዚህ አገር በቀን የተዘጋ ቤት ሬሳ ያለበት ነው፤ ታውቃለህ። ጎረቤቶች በሩን ቢደበድቡም አልሰማሁ። ቄሱ መርዶውን በስልክ ነገሩህ፤ የቤተ ክርስቲያኑም ደወል ሦስት ጊዜ ጮኸ። በእሱ ነቃሁ። ሦስት ከሆነ የሞተው ወንድ ነው፤ «ነፍሱን ይማር» አልኩ። ከመስኮቱ ሥር ሴቶቹ ሲጸልዩ፣ በመስኖ ውሃ ተራ ሠላሳ ዓመት የተጣላኝ አቢሊዩ «እንግዲህ ማን ይሰድበኛል?» እያለ ሲንሰቀሰቅ ሰማሁ። ብረቱን በከዘራዬ ብደበድበው፣ «አንተ ግም፣ ሞተህም አታሳርፈንም!» ብሎ በዶማ ሰብሮ አወጣኝ።

አንተም መርዶውን እንደ ሰማህ ስልክህን ዘግተህ ስታለቅስ አደርክ አሉ፤ መኖሬን የሰማኸው በማግስቱ ነው። ማልቀስህን ወድጄዋለሁ።

በዚያው ማክሰኞ ማታ ግን፣ አንተ ሞቷል ብለህ ስታለቅስልኝ፣ እንደ ወትሮው በአንድ ሰዓት፣ መልእክትህ ስልኬ ላይ ገባ። ኦሊንዳም እንደ ወትሮው አነበበችልኝ፦ «ደህና እደር አባዬ። እራትህን ብላ። ናፍቀኸኛል።» አቢሊዩ አጠገቤ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ «የእኔ ልጅ አንድ ማታ አይረሳኝም» እያልኩ ያበሸቅኩት ሰው ነው። እንደ ልማዱ አልሰደበኝም፤ «ወይኑን ቅዳ» ብቻ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሲሰድበኝ እንደዚያ አድርጎ ጎድቶኝ አያውቅም።

የተሰበረውን መስኮት በጣውላ መታነው፤ የቀሩት መስኮቶች ብረት ዛሬም ሲመሽ ይወርድብኛል። የድንጋዩን ቤት ቁልፍ ላክልኝ። እኔ የምዘጋው፣ እኔ የምከፍተው በር እፈልጋለሁ። ማታ ማታም ለመጻፍ አትድከም፤ እሱም በራሱ ይመጣል።

እግዚአብሔር ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ስታረጅም ደጅህን የሚያንኳኳ አይንሳህ።

አባትህ

ኦሊንዳ፣ እስቲ አንብቢልኝ። ስለ መልእክቱ ያልኩት ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ።