ዘይቱ የነበረበት መደርደሪያ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንኮበር ላሉት ለአማቴ ይድረስ።

እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? የአንኮበር ጉም አልበረታብዎትም? እኛ ደኅና ነን። ልጅዎ ባየውም ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለበት የለም። እኔን ግን አልናፈቁኝም፤ እሱን ልንገርዎትና ወደ ወሬዬ ልግባ።

ለገና መጥታችሁ ውሰዱኝ ብለው በእህትዎ ልጅ በአልታየች ስልክ መላክዎን ባየው ነግሮኛል። አዘነ። ቤቱ የእርስዎ ነው፣ ለፍተው የሠሩት ነው፣ እሱን አልክድም። ግን እማማ፣ እርስዎ የሚያውቁት ወጥ ቤት አሁን የለም። አናጢው ዘርአ ዳዊት ሁለት ቀን ሠርቶበት ሌላ ሆኗል። የድስት ክዳኑ ሁሉ ከካቢኔቱ በር በስተውስጥ ተንጠልጥሏል። ሳህኖቹን መደራረብ ትቼ በጎናቸው አቆምኳቸው። መሳቢያዎቹ በጣውላ ተከፋፍለው ማንኪያው ለብቻ፣ ቢላዋው ለብቻ ሆነ። ሽሮውና በርበሬው ምድጃው አጠገብ መጡ። ያ ሁሉ ዓመት ጠበበን ሲሉት የኖሩት ወጥ ቤት ስንት ባዶ ቦታ እንደነበረው ቢያዩ ይገርምዎት ነበር።

ዘጠኝ ዓመት እዚያ ውስጥ እንግዳ ነበርኩ። ጭልፋ ካነሳሁበት ካልመለስኩ ቤቱ ይታመሳል። ለእኔ የሰጡኝ ታችኛውን መሳቢያ ነው፣ እየያዘ በግድ የሚከፈተውን። እሱም ምን ልክተትበት? ያን ቀን የማኅበርዎ ሴቶች ቤታችን ተሰብስበው ሳሉ፣ ሁለተኛውን ፅንስ ካስወረደኝ ገና ወር ሳይሞላኝ፣ እየሳቁ ያሉትን ያስታውሳሉ? «መሳቢያዋም ባዶ፣ ሆዷም ባዶ» ነበር ያሉት። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ስኒ ማጠቤን ቀጠልኩ። ያን ቀን አላለቀስኩም፣ እስከ ዛሬም አላለቀስኩም።

በግንቦት አንድ ጠዋት ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ጸሎት ሲያደርሱ በአጠገብዎ ሳልፍ፣ የያዙት የጸሎት መጽሐፍ ተዘቅዝቋል። ገጹን ይገልጣሉ፣ ጸሎቱን በቃልዎ ያወርዱታል። እማማ መጽሐፉ ተዘቅዝቋል አልኩዎ። የተዘቀዘቅሽስ አንቺ ብለው ሳቁብኝ። በማግስቱ ሳየው የሽፋኑ የላይኛው ቀኝ ጥግ ታጥፏል። እጅዎ እንዲያውቀው ነው። ከኮሮናው በኋላ ሽታ እንደጠፋብዎ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረዋል፤ የዓይንዎን ነገር ግን ለገዛ ልጅዎም አልተነፈሱም። ተመርቶ የሚሄድ ሰው መባልን እንዴት ይቻሉት!

በሐምሌ ቅሉንና ጣሳውን ሁሉ አውጥቼ አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ዕቃ ገዛሁ፤ በየዕቃው ላይ በትልልቁ ጽፌ ለጠፍኩበት። ባየው ወደደው። እርስዎ አጉረመረሙ እንጂ አሻፈረኝ አላሉም፣ እንዴት ብለው? በሳምንት ውስጥ በእጅዎ ቆጥረው ያዙት። ጨው ከግራ አንደኛ፣ ዘይት ሁለተኛ፣ ቅቤ ከላይ ጥግ ላይ። እውነቴን ነው፣ በልቤ አደነቅኩዎ።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። አባ ገብረአብ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችንን ሊባርኩ የመጡ ዕለት፣ ለነፍስ አባቴ የምሠራው እኔ ነኝ ብለው ከወጥ ቤቱ አስወጡኝ። በዚህ ብርድ ዘይቱም እንደ ቅቤው ይረጋል፣ በእጅ አይለይም። ቅዳሴ ሳይወጣ ደግሞ እርስዎ አይቀምሱም። ዘይቱና ቅቤው ቦታ የተለዋወጡት በዚያው ጠዋት ነው። ጽሑፉ ልክ ነበር፤ በጽሑፉ ማንንም አልዋሸሁም። እጅዎ መደርደሪያውን ሲዳብስ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሁለተኛውን ቆጥረው አነሱት። 

አባ ጉርሻውን ወደ አፋቸው አስጠግተው መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩት። ተነስተው መረቁና ወጡ። ባየው ዕቃውን ይዞ መጣ። «እማዬ፣ ቅቤ ተብሎ በትልቁ ተጽፎበት የለ እንዴ? አላየሽውም?» አለዎ።

ያን ጊዜ አላየሁም ቢሉት ኖሮ ሐኪም ቤት ይወስድዎ ነበር። እርስዎ ግን «ረሳሁት ልጄ» አሉት። በቃ፣ አእምሮዋ ደክሟል አለ፤ አንድ ቀን ቤቱን በእሳት ታነደዋለች ብሎ ፈራ። በሳምንቱ አንኮበር አደረስዎ። መንገዱን ሙሉ ሲያለቅስ ነው የተመለሰው።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ እሱ ራሱ ነው። አሽጌዋለሁ፤ የሰው ደብዳቤ ከፍቶ የሚያነብ ልጅ አላሳደጉም። ከእጁ ተቀብለው ይከፍቱታል፣ መነጽርዎን ያደርጋሉ፣ ከንፈርዎን ያንቀሳቅሳሉ። ምን አለች ሲልዎ፣ ሰላምታ ነው ይሉታል። ዓይኔ አያይም፣ አንብብልኝ ቢሉት ግን ማታውኑ ቤትዎ ይገባሉ፣ እኔም ልብሴን እሸክፋለሁ። እሱን እንደማይሉት አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት አንድ ጣራ ሥር ኖረናል።

ዘቅዝቀው ይዘውት ልጅዎ ፊት እንዳያፍሩ የወረቀቱን የላይኛውን ቀኝ ጥግ አጥፌልዎታለሁ። ጣትዎ ሲያገኘው ከዚህ ሁሉ አንዷን ነገር፣ ማወቄን፣ ያነቧታል።

እግዚአብሔር ጤናውን ይስጥልኝ፤ የዓይንዎን ብርሃን አይንሳዎ።

ምራትዎ