በሰው ስም የምትሄደው መኪናችን

ለአስካለ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ባለሽበት ሁሉ እረፍት ይሁንልሽ። ከተለያየን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ጽጌ ደህና ናት። ቁመቷ ጨምሮ ቀሚሶቿ ሁሉ አጥረውባታል፤ እናትሽ ጫፋቸው ላይ ሌላ ጨርቅ ቀጥለውላታል። እኔም ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እላለሁ። አንቺን ግን ዋሽቼሽ አላውቅም። ከሰሞኑ ልቤ አያርፍም፤ መኪናችንን ለትልቅ የጭነት ኩባንያ በውል አስገብቻታለሁ።

አትደንግጪ፣ አልሸጥኳትም። ዛሬም የኛው ናት፤ ሊብሬዋም በስሜ ነው። የምትሠራው ግን በኩባንያው ስም ነው። ጭነቱን እነሱ ያገኛሉ፣ የምሄድበትን እነሱ ያዙኛል፤ ነዳጁና ጎማው በኔ ነው፤ ከኪራዩም ድርሻቸውን ያነሳሉ። በሁለቱ በሮች ላይ ምልክታቸው ተቀብቷል። ቀለም ቀቢው ሥራውን ሲጀምር ቆሜ ማየት አቅቶኝ ሰበታ ገበያ ወርጄ፣ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

ወድጄ እንዳይመስልሽ። መሪ መያዝ አውቃለሁ እንጂ አፍ የለኝም። ጭነት ታመጪ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ከሱሉልታ የድርቆሽ ነጋዴዎች፣ ከቡራዩ የእህል ነጋዴዎች ጋር በአማርኛም በኦሮምኛም ስትከራከሪ እኔ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ እጠብቅሽ ነበር። አንዱ ነጋዴ፣ «ባልሽ ዲዳ ነው እንዴ?» ቢልሽ፣ «አይደለም፣ አፉን ለኔ አውሶኝ ነው» ብለሽ ገበያውን እንዳሳቅሽው ትዝ ይልሻል? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ትይኝ ነበር። ለካ ጭነትም ይቀራል። አንቺ ካለፍሽ ወዲህ ነጋዴዎቹ ለለቅሶ እየመጡ አብረውኝ አለቀሱ፤ እህላቸውን ግን ደላላ ላመጣላቸው መኪና ጫኑ። አልቀየምኳቸውም፤ ሄጄ አልጠየቅኋቸውማ። መኪናዋ ደጃፍ ቆማ ከረመች፤ ዶሮዎች ሥሯ እንቁላል መጣል ጀመሩ።

ኩባንያው ዘንድ የወሰደኝ ኦቦ ደበላ ነው፤ ያ የራሱን መኪና የሚነዳው የቡራዩ ሰው። እሱ ቀድሞኝ ገብቷል። «በቀለ፣ ኩባንያ አፍ ይሆንልሃል» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ግን አፍ ጥርስም አለው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ለእናትሽ ለመንገር ፉሪ ወጣሁ። እማማ ጫልቱ፣ «በሬህን ለሰው ቀንበር ካዋስክ፣ ልጄ፣ ከኋላው አንተው ሂድ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ውሉን ልፈርም ስገባ ነው። የኩባንያው የስምሪት ሹም፣ «መኪናዋን ብቻ ተውልን፣ ሹፌር አለን። አንተ እቤትህ ሆነህ ድርሻህን ትቀበላለህ» አለኝ። ሰውየው ክፉ አይመስልም፤ ቀና ብሎ ግን ሰው አያይም። «እኔው ነኝ የምነዳት» አልኩት። ድምፄ መውጣቱንም እንጃ፣ ብቻ ሰማኝ።

የመጀመሪያው ስምሪት አሰብ ሆነ። እኔ እኮ ከአምቦና ከጎጃም መንገድ ሌላ አላውቅም። አንቺ ቁልቁለት አትወጂም ነበር፤ የዓባይን በረሃ ስወርድ መቀመጫውን ጨብጠሽ ትጸልዪ ነበር። ጽጌን ለእናትሽ ሰጥቼ ስነሳ እማማ ጫልቱ እጄን ይዘው፣ «ሂንጀርጀሪን፣ አትቸኩል» አሉኝ። ጽጌ ግን ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

ከኦቦ ደበላ ጋር አምስት መኪኖች ነበርን፤ የቅባት እህል ጭነናል። ጣርማ በር፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። የፊት ጎማዬ የሚረግጠውን እንኳ አላይም። ከፊታችን በትንሽ መኪና የሚሄደው የኩባንያው ተቆጣጣሪ ወርዶ፣ «መርከብ ይጠብቀናል፣ እየተከታተላችሁ ውረዱ» አለ። ፍሬን ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። የታየኝ ገደሉ አልነበረም። ጽጌ የዘጋችው በር ነው የታየኝ። ከጋቢናው ወርጄ፣ «ጌታዬ፣ ጭነቱ የእናንተ ነው፣ መኪናዋ ግን የኔ ናት። ካልገለጠ አልወርድም» አልኩት። አስካለ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት! ሰውየው፣ «ነግሬሃለሁ፣ ውልህ ይፈርሳል» ብሎ ጮኸብኝ። ጎማዬ ሥር ድንጋይ ሳደርግ ከኋላዬ የኦቦ ደበላ ሞተር ሲጠፋ ሰማሁ። ከዚያም የሌሎቹ። ሁላችንም ጉሙ እስኪነሳ መንገዱ ዳር ቆምን። ሲገልጥ በከባድ ማርሽ ቀስ እያልን ወረድን፤ አንድም መኪና አልተነካም።

አሰብ ሙቀቱ ለጉድ ነው። ባሕሩን አየሁት። ዳርቻ የለውም። ላሳይሽ ወደ ጎኔ ዞር አልኩ። ወዲያው ፊቴን መልሼ ስለ ማራገፉ ጠየቅኩ።

ስንመለስ የስምሪት ሹሙ አስጠራኝ። ጭነቱ ሳይጎድል ደርሶ ነበር፤ ስለዚያ ምንም አላለም። «ሁለተኛ ከትእዛዝ ብትወጣ ምልክታችንን ከበርህ እንፍቃለን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላም መንገድ ሄጃለሁ፣ በሰላም ተመልሻለሁ፤ ስጋቱ ግን አልለቀቀኝም። ፍሬኑን አይቼ ዘግቼ፣ ደግሞ ተመልሼ አየዋለሁ። ስሜ በተጠራ ቁጥር ሊያሰናብቱኝ ይመስለኛል። ካላሰናበቱኝ ደግሞ ወደዚያ ቁልቁለት ሊልኩኝ ነው። የቱን እንደምፈራ ለራሴም ግራ ገብቶኛል። ጽጌ ለአያቷ፣ «አባዬም እንደ እማዬ ሳይሰናበተኝ ይቀራል?» ብላቸዋለች አሉ። 

አሁን ደግሞ የባሰው መጣ። ፉሪ፣ እናትሽ ቤት ሙት ዓመትሽ በሚውልበት ሳምንት አሰብ መደቡኝ። ሹሙ ዘንድ ገብቼ ነገርኩት። ወረቀቱን እንዳየ፣ «መኪናዋ ሰው አልሞተባትም። ሹፌር እንሰጥሃለን፣ አንተ ዝክርህን አውጣ» አለኝ። ወጥቼ እስከ ሰበታ ድረስ ሳሰላስል መጣሁ። ሌላ ሰው አንዴ መሪዋን ከያዘ ወንበሩን መልሰው አይሰጡኝም። እምቢ ካልኩም ደጃፌ ትቆማለች። ኦቦ ደበላን ባማክረው እሱም ራሱን ነቀነቀ እንጂ መላ አላገኘልኝም።

በዚህ መሀል የሱሉልታና የቡራዩ ነጋዴዎች መልእክት ላኩብኝ። ሙት ዓመትሽን ሰምተዋል፤ «እንመጣለን፣ ሰዉ ግን ብዙ ነው፣ ሽማግሌም አለ፣ በምን እንምጣ?» አሉ። ጭነት ላልሰጡኝ ሰዎች እንባዬ መጣ። ትናንት ወደ ሹሙ ተመለስኩ። «ጌታዬ፣ መኪናዋም እኔም በዚያ ሳምንት ፉሪ ነን። የሚስቴን ሰዎች የማመጣው እኔ ነኝ» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ስትመለስ እንነጋገራለን» ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ። ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን እንጃ። ምልክቱን ሊፍቁት ይችላሉ። ይፍቁት ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን እውነቱን ለመናገር እፈራለሁ።

ሰዎችሽን ግን አመጣቸዋለሁ። በዚህ ዓመት ብቻም አይደለም። ውል ቢኖረኝም ባይኖረኝም፣ በዚያ ቀን የትም መንገድ ላይ አልገኝም። ለጽጌም ቃል ገብቼላታለሁ፤ ከየመንገዱ በተመለስኩ ቁጥር ስላንቺ አንድ ነገር እነግራታለሁ። ትናንት፣ «እማዬ ስትስቅ እንዴት ነበረች?» አለችኝ። በቃል አልሆነልኝም፣ እንዳንቺ ልስቅላት ሞከርኩ። «እንደሱማ አይደለም» አለችና አፏን ሸፍና፣ ትከሻዋን እያንቀጠቀጠች ራሷ ሳቀች።

ልክ እንደሱ ነበርሽ።

ባለቤትሽ በቀለ
ሰበታ