የደምሴ ጠፈርተኛ

ኅዳር 12 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ቡታጅራ

ዛሬ እማማ ብርቅነሽ ሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ መጡ። ነገ ንጋት ላይ የልጃቸው የደምሴ መርዶ ይነገራቸዋል። ከግንባር የተመለሰ ጓደኛው ለእድራችን ሽማግሌዎች ነግሯቸዋል። እኔም አብሮ አደጉ ስለሆንኩ አብሬያቸው እንድሄድ ተጠርቻለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይተነፍስ ተባብለናል።

እሳቸው ግን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው የደምሴን የልጅነት አሻንጉሊት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። አጎቱ ከውጭ ያመጣለት የፕላስቲክ ጠፈርተኛ ነው። እግሮቹ ተንጠልጥለዋል፣ አንድ ክንዱም ከትከሻው ወልቋል።

«ልጅ ሳለ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ እየወረወረ ነው እንዲህ ያደረገው። ሬዲዮ የሚሠራ ሰው ይኼ አያቅተውም ብዬ አመጣሁት። ሲመጣ ተሰብሮ እንዳያየው» አሉኝ።

ጀርባውን በካቻቢቴ ፈታሁት። እግሮቹን የያዘው ላስቲክ ደርቆ ኖሮ ስነካው ተበጣጠሰ። ከብስክሌት ጎማ ቀጭን ላስቲክ ቆርጬ ተካሁለት። ክንዱን በማጣበቂያ መለስኩት። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። በሩ ላይ በርጩማ ስበው ስለተቀመጡ መውጫም አልነበረኝም።

«ጓደኛው መጥቷል ይባላል። አንተ ጋ አልደረሰም?»

«አልመጣም፣ እማማ።»

አሻንጉሊቱን ሊያነሱ ሲሉ ማጣበቂያው እስኪደርቅ እንዳይነኩት ነገርኳቸው።

«እንግዲያስ ይደር። ነገ ጠዋት ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብለው ተነሡ።

እሺ አልኳቸው።